ዘፈኖች ለምን ይመሳሰላሉ? ከክር ንዝረት እስከ ዕድል ስሌት

አዲስ ዘፈን በወጣ ቁጥር «ይህን ዜማ ከዚህ በፊት ሰምቼዋለሁ» የሚል አድማጭ አይጠፋም። አንዱ የቆየ የአገር ውስጥ ዘፈን ይጠቅሳል፤ ሌላው ዜማው ከሱዳን ወይም ከህንድ የተወሰደ ነው ይላል። ብዙ ሳይቆይም ጥርጣሬው ወደ ውንጀላ ያድግና የዜማው ደራሲ «ሌባ» የሚል ስም ይወጣለታል። ይህ እንደ ቀላል የሚታይ ነገር አይደለም፤ የአንድ ባለሙያ መልካም ስምና የዕለት እንጀራ በአንድ ቃል ሊጎዳ ይችላልና። በሌላው ወገን ደግሞ ሥራው በእርግጥ የተወሰደበት ደራሲ ይኖራል። የእርሱም መብት በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እና በማሻሻያው በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ጥበቃ ተደርጎለታል።

እንግዲህ ጥያቄው «ሁለት ዘፈኖች ተመሳሰሉ ማለት አንዱ ከሌላው ተሰረቀ ማለት ነውን?» የሚል ነው። ጥያቄው የሕግና የሥነ ጥበብ ብቻ መስሎ ቢታይም የመልሱ ከፊል የሚገኘው በፊዚክስና በሂሳብ ውስጥ ነው። በዚህ ጽሑፍ በመጀመሪያ የድምፅ ተፈጥሮ የዜማ ደራሲውን ምርጫ እንዴት እንደሚያጠበው እንመለከታለን። ቀጥሎም በዚህ በጠበበው ምርጫ ውስጥ ሁለት ዜማዎች አንዱ ሌላውን ሳያውቅ የመገጣጠማቸው ዕድል ምን ያህል እንደሆነ እናሰላለን። ለስሌቱ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ያለፈ ሂሳብ አያስፈልገንም።

አንድ ክር፣ ብዙ ድምፆች

የክራር ክር ሲነካ የሚርገበገበው በአንድ ፍሪኩዌንሲ ብቻ አይደለም። ክሩ በሙሉ ርዝመቱ በሰከንድ 200 ጊዜ ቢርገበገብ፣ በዚያው ቅጽበት በግማሹ 400፣ በሲሶው 600፣ በሩቡ 800 ጊዜ እየተርገበገበ ይቀጥላል። እነዚህ የመሠረታዊው ድምፅ ብዜቶች ሃርሞኒክስ ይባላሉ። ጆሯችን ሁሉንም አዋህዶ እንደ አንድ ድምፅ ይሰማቸዋል።

አሁን ሁለተኛ ክር እንጨምርና በ300 ኸርትዝ እንቃኘው። የዚህኛው ሃርሞኒክስ 300፣ 600፣ 900፣ 1200 ናቸው። ከመጀመሪያው ክር ሃርሞኒክስ ጋር ስናስተያያቸው በ600 እና በ1200 ላይ ይገናኛሉ። ስለዚህ የ300 እና የ200 ንጽጽር፣ ማለትም 3 ለ 2፣ ለጆሮ የተስማማ ሆኖ ይሰማል። ሁለተኛውን ክር ወደ 283 ኸርትዝ ብናላላው ግን ሁለተኛው ሃርሞኒክ 566 ላይ ይወድቃል። ይህም ከ600 በ34 ኸርትዝ ይርቃል። ሁለቱ ድምፆች እርስ በርስ እየተጋጩ ሻካራ የሆነ መንቀጥቀጥ ይፈጥራሉ።

ከሁሉም ይልቅ የሚስማማው ንጽጽር 2 ለ 1 ሲሆን ኦክታቭ ይባላል። በ200 እና በ400 ኸርትዝ የሚወጡ ድምፆች እጅግ ስለሚዋሐዱ፣ ወንድና ሴት አንድ ዜማ አብረው ሲያዜሙ በኦክታቭ ተራርቀው ሳለ «አንድ ዜማ ዘፈኑ» እንላለን። ከዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ጆሮና አንጎል ዜማን የሚያስታውሱት በፍሪኩዌንሲ ቁጥር ሳይሆን በንጽጽር ነው። አንድን ዘፈን ከፍ ወይም ዝቅ አድርገን ብንጀምረው ንጽጽሮቹ እስካልተለወጡ ድረስ ዘፈኑ ያው ነው።

ከክር ወደ ቅኝት

3 ለ 2 እና 2 ለ 1 የተባሉትን ሁለት ንጽጽሮች ብቻ ይዘን ወዴት እንደምንደርስ እንይ። ከ200 ኸርትዝ ተነስተን በ3/2 ስናባዛ 300 እናገኛለን። እንደገና ስናባዛ 450 ይሆናል፤ ይህ ከኦክታቩ ስለሚያልፍ ለሁለት አካፍለን 225 እናደርገዋለን። 225 በ3/2 ሲባዛ 337.5 ይመጣል። ይህም እንዲሁ ተባዝቶ ለሁለት ሲካፈል 253.1 ይሆናል። አምስቱን በቅደም ተከተል ስናስቀምጣቸው 200፣ 225፣ 253.1፣ 300 እና 337.5 ይሆናሉ። እነዚህን ድምፆች በክራር ላይ የሚሰማ ኢትዮጵያዊ ወዲያውኑ ያውቃቸዋል፤ የትዝታ ሜጀር ቅኝት ናቸውና።

በብዙ የዓለም ክፍሎች የሚገኙ ሕዝቦች ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ያላቸው ከዚህ የተነሣ ይመስላል። በቻይና፣ በስኮትላንድ፣ በሱዳንና በምዕራብ አፍሪካ ይኸው የአምስት ድምፆች ስብስብ ይገኛል። ነገር ግን ፊዚክስ መንገድ ያሳያል እንጂ አያስገድድም። የኛው አንቺሆዬ ቅኝት ከላይ ሻካራ ያልነውን የ200 እና የ283 ንጽጽር የሚያህል ርቀት በውስጡ ይዟል፤ ውበቱም በከፊል ከዚያ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት በቦሊቪያ የሚኖሩት የጺማኔ ሕዝቦች ተስማሚና ሻካራ የሚባሉትን የድምፅ ጥምረቶች እኩል አስደሳች አድርገው እንደሚቆጥሯቸው አሳይቷል። በመሆኑም የተፈጥሮን ግብዣ ተቀብሎ የሚመርጠው ባህል ነው ማለት እንችላለን።

የባህል ምርጫ አንድ ጊዜ ከተደረገ በኋላ ደግሞ የደራሲውን ክልል ይወስናል። ክራር አብዛኛውን ጊዜ አምስት ወይም ስድስት ክሮች አሉት። ደርዳሪው ዘፈኑን ከመጀመሩ በፊት ክሮቹን በአንድ ቅኝት ያስተካክላል፤ ከዚያ በኋላ ከቅኝቱ ውጭ የሆነ ድምፅ በእጁ አይገኝም። ዜማው ገና ሳይፈጠር ዜማው የሚሠራባቸው ድምፆች ተቆጥረው አልቀዋል ማለት ነው።

ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ መመሳሰል

ዘመናዊው የሙዚቃ አጻጻፍ ኦክታቭን በ12 እኩል እርምጃዎች ይከፍላል። እያንዳንዱ እርምጃ ከበፊተኛው 1.0595 እጥፍ ይበልጣል። በዚህ መለኪያ ትዝታ ማይነር የሚባለው ቅኝት በ2፣ 1፣ 4፣ 1፣ 4 እርምጃዎች ወደ ላይ ይወጣል። አምባሰል ደግሞ በ1፣ 4፣ 2፣ 1፣ 4 ይወጣል። የክራሩ ቅኝት በተግባር ከዚህ ቁጥር ጥቂት ሊያፈነግጥ ቢችልም በሙዚቃ ትምህርት የሚጻፈው በዚህ መልክ ነው። አሁን የትዝታ ማይነርን ቁጥሮች በክብ እንጻፋቸውና ከአራተኛው ቁጥር ጀምረን እናንብብ፤ 1፣ 4፣ 2፣ 1፣ 4 እናገኛለን። አምባሰል ሆነ! የድምፆቹ ስብስብ አንድ ነው፤ የሚለየው ዜማው «ቤቴ» ብሎ የሚያርፍበት ድምፅ ነው። በመሆኑም በትዝታ ማይነርና በአምባሰል የተሠሩ ሁለት ዘፈኖች አንዳንድ ሐረጎቻቸው ቢመሳሰሉ ሊያስደንቀን አይገባም።

ከዚህ ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን ከሩቅ ምሥራቅ የሚመጣው ነው። በጃፓን ኤንካ የተባለ የዘፈን ዓይነት አለ። ከታወቁት ድምፃውያኑ አንዷ እ.ኤ.አ. በ1989 ያረፈችው ሚሶራ ሂባሪ ነበረች። የኤንካ ዘፈኖች በብዛት የሚሠሩባቸው ቅኝቶች ዮናኑኪ ይባላሉ፤ ትርጉሙም አራተኛውና ሰባተኛው የተነሡበት ማለት ነው። ከሰባቱ የምዕራባውያን ድምፆች ሁለቱ ሲወጡ የሚቀሩት አምስቱ በሜጀር ከትዝታ ሜጀር ጋር አንድ ናቸው። በማይነር ደግሞ እርምጃዎቹ 2፣ 1፣ 4፣ 1፣ 4 ናቸው፤ ትዝታ ማይነር ማለት ነው። ኤንካ የሰማ ኢትዮጵያዊ ቋንቋውን ሳያውቅ የናፍቆት ስሜት ቢሰማው ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጃፓን በራሷ ታሪክ፣ ኢትዮጵያም በራሷ ታሪክ ወደ አንድ ስፍራ ደርሰዋል። እዚህ ላይ «ማን ከማን ሰረቀ?» ብሎ መጠየቅ ትርጉም የለውም።

ስንት ዜማ ይኖራል?

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። አድማጭ አንድን ዘፈን ለመለየት ብዙውን ጊዜ አንድ ሐረግ ይበቃዋል። ሐረጉ ስምንት ድምፆች አሉት እንበል። በአምስት ድምፅ ቅኝት ለእያንዳንዱ ቦታ አምስት ምርጫ ስላለን ሊኖሩ የሚችሉት ሐረጎች 5 በራሱ ስምንት ጊዜ ሲባዛ 390,625 ይሆናሉ። እያንዳንዱ ድምፅ ረጅም ወይም አጭር ሊሆን ይችላል ብለን ምትን ብንጨምር በ256 እናባዛዋለን፤ ውጤቱ 100,000,000 ይሆናል።

ይሁን እንጂ ብዙ አድማጭ የሚያስታውሰው ይህን ሁሉ ዝርዝር አይደለም። በማስታወስ ችሎታችን ውስጥ ጠንክሮ የሚቀረው የዜማው ቅርጽ፣ ማለትም መውጣትና መውረዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ዴኒስ ፓርሰንስ የተባለ እንግሊዛዊ «ወጣ፣ ወረደ፣ ተደገመ» በሚሉ ሦስት ምልክቶች ብቻ ብዙ ሺህ ዜማዎችን የመዘገበ ማውጫ አሳትሟል። በዚህ መንገድ ስምንት ድምፅ ያለው ሐረግ ሰባት እርምጃ ስላለው የሚኖሩት ቅርጾች 2,187 ብቻ ናቸው።

የቁጥሩን ውሱንነት በተግባር ያሳዩም አሉ። የሕግ ባለሙያው ዳሚየን ሪልና የኮምፒዩተር ባለሙያው ኖዋ ሩቢን ከስምንት ድምፆች የሚሠሩትንና 12 ድምፅ ርዝመት ያላቸውን ዜማዎች በሙሉ በኮምፒዩተር አመንጭተው እ.ኤ.አ. በ2020 ለሕዝብ በነፃ ለቀዋል። ብዛታቸው ከ68 ቢሊዮን በላይ ነው። የኮምፒዩተር ዲስክ ሊይዘው የሚችል ቁጥር ነው ማለት ነው።

የልደት ቀን እንቆቅልሽ

390,625 ብዙ ይመስላል። «ሁለት ዜማ በአጋጣሚ ሊገጥም የሚችለው ከ390,625 አንድ ጊዜ ከሆነ የተገጣጠሙት በስርቆት መሆን አለበት» ብሎ መደምደም ይቻላልን? አይቻልም። ለምን እንደማይቻል የታወቀው የልደት ቀን እንቆቅልሽ ያስረዳናል።

በአንድ ክፍል ውስጥ 23 ተማሪዎች ካሉ ቢያንስ ሁለቱ በአንድ ቀን የተወለዱ የመሆናቸው ዕድል ከግማሽ ይበልጣል። ዓመቱ 365 ቀናት ሳሉት ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? መልሱ ከተማሪዎቹ ብዛት ሳይሆን ከጥንዶቹ ብዛት ላይ ነው። ከ23 ተማሪዎች 253 ጥንዶች ይወጣሉ፤ እያንዳንዱም ጥንድ የመገጣጠም ሙከራ ነው። በአጠቃላይ አማራጮቹ በቁጥር N ቢሆኑ፣ መገጣጠም ከግማሽ በላይ ዕድል የሚያገኘው የተሰበሰቡት ነገሮች የN ካሬ ሩት በ1.18 ሲባዛ ከሚገኘው ቁጥር ሲያልፉ ነው።

ይህንን በዜማዎቻችን ላይ ስንሠራበት የሚከተለውን እናገኛለን፦

— ቅርጽ ብቻ፣ ስምንት ድምፅ፤ አማራጭ 2,187፤ ለመገጣጠም የሚበቃው ወደ 56 ሐረግ።
— ድምፆቹ ራሳቸው፣ ስምንት ድምፅ፤ አማራጭ 390,625፤ የሚበቃው ወደ 740 ሐረግ።
— ድምፆቹና ምቱ፣ ስምንት ድምፅ፤ አማራጭ 100,000,000፤ የሚበቃው ወደ 11,800 ሐረግ።
— ድምፆቹና ምቱ፣ ዐሥራ ስድስት ድምፅ፤ አማራጭ 100,000,000 በራሱ ሲባዛ፤ የሚበቃው ወደ 118 ሚሊዮን ሐረግ።

ይህ ስሌት ሐረጎች ሁሉ እኩል የመመረጥ ዕድል አላቸው ብሎ ያስባል። በእውነቱ ግን ደራሲዎች ከሩቅ ዝላይ ይልቅ ቅርብ ለቅርብ የሆኑ ድምፆችን ይመርጣሉ፤ ሐረጋቸውንም በቤቱ ድምፅ ላይ ማሳረፍ ይወዳሉ። ምርጫው ሲደራረብ መገጣጠሙ ከስሌታችን ይበዛል እንጂ አያንስም።

የአድማጩንም ሁኔታ እናስላ። አንድ የሙዚቃ ወዳጅ 2,000 ዘፈኖችን ቢያስታውስና እያንዳንዱ 10 ልዩ ልዩ ሐረግ ቢኖረው በአእምሮው 20,000 ሐረጎች አሉ። 10 ሐረግ ያለው አዲስ ዘፈን ሲሰማ አእምሮው ሳያስበው 200,000 ንጽጽሮችን ያደርጋል። በእያንዳንዱ ንጽጽር የመገጣጠም ዕድል ከ390,625 አንድ ቢሆን፣ ቢያንስ አንድ ሐረግ የመግጠሙ ዕድል ወደ 40 በመቶ ይደርሳል። አድማጩ ግን የሚነግረን የገጠመውን አንዱን ብቻ ነው፤ ያልገጠሙትን በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ንጽጽሮች እርሱም አያውቃቸውም። ስለዚህ «ይህ ዘፈን ከዚያ ዘፈን ጋር የመግጠም ዕድሉ ስንት ነው?» የሚለውና «ይህ ዘፈን ከምናውቃቸው ከአንዱ ጋር የመግጠም ዕድሉ ስንት ነው?» የሚለው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። የብዙ ውንጀላዎች ስሕተት የሁለተኛውን ጥያቄ በመጀመሪያው መልስ መመለሳቸው ነው።

ሁለት ችሎቶች

ይህ ስሌት በፍርድ ቤት ፊት የሚመጣበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ1970 ጆርጅ ሃሪሰን «ማይ ስዊት ሎርድ» የተባለውን ዘፈን አወጣ። ዘፈኑ ዘ ቺፎንስ የተባሉ ሴቶች በ1963 ከተጫወቱት «ሂ ኢዝ ሶ ፋይን» ከተባለው ጋር ይመሳሰላል ተብሎ ተከሰሰ። እ.ኤ.አ. በ1976 የኒውዮርኩ ዳኛ ሪቻርድ ኦወን፣ ራሳቸውም የሙዚቃ ደራሲ የነበሩ ሰው፣ ሃሪሰን ሆን ብሎ ባይሆንም በማያውቀው አእምሮው ቀድሞ የሰማውን ዜማ ወስዷል ሲሉ ፈረዱ። ልብ ሊባል የሚገባው ምክንያታቸው ነው። በዘፈኖቹ ውስጥ ያሉት ሁለት አጫጭር ሐረጎች እያንዳንዳቸው ሲታዩ የተለመዱ ነበሩ። ነገር ግን አንደኛው ሐረግ እየተደጋገመ ቆይቶ ሁለተኛው መከተሉ፣ በዚያም ላይ አንዲት ትንሽ የጌጥ ድምፅ በሁለቱም ዘፈኖች በአንድ ስፍራ መገኘቷ ሲደመር የተለመደ አልነበረም። በስሌታችን ቋንቋ ስንናገር ዕድሎቹ እየተባዙ ሄደው እጅግ አነስተኛ ሆነዋል። በተጨማሪም የቀድሞው ዘፈን በአሜሪካ አንደኛ ደረጃ የደረሰ ስለነበር ሃሪሰን አልሰማውም ማለት አይቻልም ነበር።

ሁለተኛው ችሎት በለንደን የተካሄደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ኤድ ሺራን «ሼፕ ኦቭ ዩ» በተባለው ዘፈኑ ውስጥ ያለች አጭር ሐረግ ከሌላ ዘፈን ተወስዳለች ተብሎ ቀርቦ ነበር። ሐረጓ የማይነር ባለ አምስት ድምፅ ቅኝትን የመጀመሪያ አራት ድምፆች በቅደም ተከተል ከመውጣት ያለፈ ብዙ አልነበራትም። አራት ድምፅ ደግሞ በስሌታችን 5 በራሱ አራት ጊዜ ሲባዛ 625 አማራጭ ብቻ ነው። ዳኛው አንቶኒ ዛካሮሊ ሆን ተብሎም ሆነ ሳይታወቅ የተወሰደ ነገር እንደሌለ ፈረዱ። ሁለቱ ፍርዶች የሚቃረኑ ቢመስሉም የተከተሉት አንድ መንገድ ነው፤ የተመሳሰለው ርዝመቱና ዝርዝሩ ምን ያህል ነው? ሰምቶት ይሆን?

ጆሮን የሚያሳስቱ ሌሎች ነገሮች

ዜማቸው ጨርሶ የተለያየ ዘፈኖችም አንድ መስለው ሊሰሙ ይችላሉ። አንደኛው ምክንያት ኮርድ ነው። በአንድ የምዕራባውያን ቅኝት ውስጥ በብዛት የሚሠራባቸው ስድስት ኮርዶች ናቸው ብንል አራት ኮርዶችን ደርድሮ መደጋገም የሚቻለው በ1,296 መንገድ ብቻ ነው። ከእነዚህም ጥቂቱ ብቻ ይወደዳሉ። ዘ አክሲስ ኦቭ ኦሰም የተባለው የአውስትራሊያ የቀልድ ቡድን በአራት ኮርዶች ላይ በርካታ የታወቁ ዘፈኖችን አከታትሎ በመዝፈን ይህንን ለዓለም አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2023 ኒውዮርክ ላይ ኤድ ሺራን «ቲንኪንግ አውት ላውድ» በተባለው ዘፈኑ በድጋሚ ሲከሰስ በችሎቱ ጊታር ይዞ ያስረዳው ይኸንኑ ነበር፤ ዳኝነት የተሰየሙትም ዜጎች ነፃ አወጡት።

ሌላው ምክንያት የድምፅ ቀለም ነው። የማሲንቆና የዋሽንት ድምፅ አንድ ዓይነት ፍሪኩዌንሲ ቢኖራቸውም የሃርሞኒክሶቻቸው ጥንካሬ ስለሚለያይ አንለዋወጣቸውም። በአገራችን በሙሉ ባንድ ይሠራ የነበረውን ሥራ ኪቦርድ በስፋት ከተካው በኋላ ግን በአንድ መሣሪያ ውስጥ የተቀመጡት እነዚያው ድምፆችና ምቶች በብዙ ካሴቶችና ሲዲዎች ላይ ተመላለሱ። አድማጭ የመሣሪያውን መመሳሰል የዜማ መመሳሰል አድርጎ ቢወስደው አይፈረድበትም። ክስተቱ የኛ ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ከ1955 እስከ 2010 የተቀረጹ 464,411 የምዕራባውያን ዘፈኖችን በኮምፒዩተር መርምሮ የድምፅ ቀለም ብዝኃነት እየቀነሰ፣ የድምፆችም ቅደም ተከተል እየተወሰነ መምጣቱን አመልክቷል።

ከመፍረዳችን በፊት

ከዚህ ሁሉ ተነስተን ለማንኛውም አድማጭ አራት ጥያቄዎችን እናቀርባለን። አንደኛ፣ የተመሳሰለው ምንድን ነው፤ ዜማው፣ ኮርዱ፣ ምቱ ወይስ የመሣሪያው ድምፅ? ሁለተኛ፣ ዜማው ከሆነ ስንት ድምፅ ተከታትሎ ገጠመ? አራት ወይም ስምንት ድምፅ ብዙ አያስረዳም፤ ዐሥራ ስድስት ድምፅ ከነምቱ ከገጠመ ግን አጋጣሚ ነው ማለት እጅግ ያስቸግራል። ሦስተኛ፣ ቅኝቱ ወይም የዘፈኑ ዓይነት ራሱ የሚያመጣው መመሳሰል ነውን? ብዙ ድምፃውያን የየራሳቸውን ትዝታ ተጫውተዋል፤ ትዝታ ስለዘፈነ ግን ማንም ሌባ አልተባለም፤ የጋራ ቅርስ ነውና። አራተኛ፣ ኋለኛው ደራሲ የፊተኛውን ሥራ የመስማት ዕድል ነበረውን?

እነዚህ ጥያቄዎች ንጹሑን ከሐሜት እንደሚያድኑ ሁሉ ሥራው የተወሰደበትንም ባለቤት ይረዱታል። ዝም ብሎ «ይመስላል» ከማለት ይልቅ «ይህን ያህል ድምፅ፣ በዚህ ስፍራ፣ ከነምቱ» ብሎ የሚያስረዳ ሰው አቤቱታው ክብደት ይኖረዋልና።

ሙከራ ማድረግ ለሚወዱ ተማሪዎች አንድ ሥራ እንተዋለን። ከምታውቋቸው ዘፈኖች 60 ምረጡ፤ የእያንዳንዱን አዝማች የመጀመሪያ ስምንት ድምፆች «ወጣ፣ ወረደ፣ ተደገመ» እያላችሁ በሰባት ፊደል ጻፉ፤ ከዚያም ፊደላቱን አስተያዩ። በስሌታችን መሠረት ቢያንስ አንድ ጥንድ የማግኘታችሁ ዕድል ከግማሽ በላይ ነው። ጥንዱን ስታገኙ ሁለቱን ዘፈኖች ደግማችሁ አድምጡና ከላይ ያሉትን አራት ጥያቄዎች ጠይቁ። ምናልባት ሁለቱ ደራሲዎች የሚጋሩት ከአምስት ድምፆች በቀር ሌላ ነገር የሌላቸው ሆነው ታገኟቸው ይሆናል።